ስህተት አልታየም

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። የሚያውቋት «ጭምቷ» ይሏታል፤ የማያውቋት «የኮምፒውተሯ ልጅ» ይሏታል። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ልጅነቱ ካለፈ ቆይቷል። እሷ ግን አታርማቸውም። ሰው ከማረም ኮድ ማረም ይቀናታል።

ክፍሏ ምድር ቤት ነው፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ። ከግድግዳው ወዲያ ትልልቆቹ ማጠቢያዎች አንሶላና ጋዋን ሲያንገላቱ ይውላሉ፤ ከግድግዳው ወዲህ የሰርቨሩ ማራገቢያ እህህ ሲል ይውላል። በመካከላቸው እሷ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ከአፏ የሚወጣው «እንደምን አደሩ» እና «ደህና ያምሹ» ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ለበሩ ጥበቃ፣ ሁለተኛውም ለዚያው ለጥበቃው።

ድሮ አራት ነበሩ። አለቃቸው ሲስቅ ጠረጴዛ የሚደበድብ፣ ሲበሳጭም ያንኑ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው ነበር፤ ከኮሪደር ሆኖ ለሚሰማው ደስታውን ከንዴቱ መለየት ይቸግር ነበር። እሱ ሌላ መሥሪያ ቤት የተሻለ ቦታ አግኝቶ ሄደ። ሁለተኛዋ አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ሦስተኛው «ለሁለት ሳምንት እረፍት ወጥቼ ልምጣ» እንዳለ በዚያው ቀረ። በምትካቸው ሰው ይቀጠራል ተባለ፤ ማስታወቂያም ተለጠፈ፤ ማስታወቂያው ፀሐይ መቶት ነጣ፤ በመጨረሻ ሌላ ሰው ለሌላ ማስታወቂያ ቦታ ፈልጎ ገነጠለው። አራት ሰዎች የጻፉት ፕሮግራም እንግዲህ በእሷ በአንዷ ትከሻ ላይ ቀረ።

ፕሮግራሙ የሚሠራው ለመናገር ቀላል ነው። ሐኪሙ በኮምፒውተር የደም ምርመራ ያዛል፤ ትእዛዙ ላብራቶሪ ይደርሳል፤ የላብራቶሪ ባለሙያው ውጤቱን ይጽፍና «ላክ» የሚለውን ይጫናል፤ ውጤቱ በሽተኛው በተኛበት ክፍል ስክሪን ላይ ይወጣል። ሰው የሚያየው ገጽም ሆነ ከኋላ ሰርቨሩ ላይ ያለው ክፍል የተጻፈው ጃቫስክሪፕት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ስድስት ዓመት ሠርቷል። ስድስቱንም ዓመት ግን ከጎኑ የወረቀት ቅጽ ነበር፤ ውጤቱ በኮምፒውተር ይላካል፣ ወረቀቱም በተላላኪ እጅ ይሄዳል። ከዚያ አስተዳደሩ «ወረቀት ይብቃን» አለ። ወረቀቱ በቀረ በሁለተኛው ሳምንት ውጤቶች መጥፋት ጀመሩ።

ብዙ አይደሉም። ከስንት መቶ አንድ፤ በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ላብራቶሪው «ልከናል» ይላል፤ የሕሙማን ክፍሉ «አልደረሰንም» ይላል፤ ውጤቱ የውሃ ሽታ ይሆናል። አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን ይቀስራል፤ ናሙናው እንደገና ይወሰዳል፤ ነገሩ ያልፋል። ጭምቷ በተደወለላት ቁጥር ሰርቨሩን ታያለች፤ እየሠራ ነው። ገጹን ትከፍታለች፤ ይከፈታል። «ከኛ በኩል ደህና ነው» ትልና ስልኩን ታስቀምጣለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ታናሽ እህቷ ትደውላለች። እህትየው ሩቅ ከተማ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰማው የልጆች ጩኸት ነው፤ ከዚያ የሚወድቅ ሳህን፤ ከዚያ «አንተ! ውረድ ከዚያ ላይ! እ፣ እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽ?»

ጭምቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤቷ መስኮቱን ተደግፋ፣ «ደህና ነኝ» ትላለች።

«ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ምንም።»

«በይ እሺ፣ ይሄኛው ሊገድለኝ ነው፣ ሳምንት እደውላለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ሳይደወል ከነበረው ይልቅ ጭር ይላል። ሬዲዮኑን ትከፍተዋለች፤ አትሰማውም፤ ብቻ የሆነ ሰው እንዲያወራ ትፈልጋለች።

ላብራቶሪ ውስጥ «ጋሽ መነጥር» የሚባሉ ሰው ነበሩ። አንድ መነጥር አፍንጫቸው ላይ፣ አንድ መነጥር ግንባራቸው ላይ አድርገው ሦስተኛውን የሚፈልጉ ሰው ስለሆኑ ነው ስሙ የወጣላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከማሽንና ከደም ጋር ኖረዋል። አንዲት ነጥብ ቦታዋን ስታ ከተቀመጠች እንቅልፍ የማይወስዳቸው ዓይነት ናቸው። ጋዋናቸውን ለማጠቢያ ሲያመጡ በጭምቷ በር ያልፋሉ፤ በሩን በጣታቸው ቆርቆር ያደርጉና አንገታቸውን ያስገባሉ።

«አለሽ?»

«አለሁ ጋሼ።»

«በርቺ።»

በቃ ይህን ያህል ነው። ነገር ግን በሳምንት ውስጥ መኖር አለመኖሯን የሚጠይቃት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ ሐሙስ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ደክሟቸው መጡ። ሐኪሙ የስኳር ምርመራ አዘዘላቸው። ጋሽ መነጥር ናሙናውን ሠርተው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ውጤቱን ላኩ። የሕሙማን ክፍሉ ስክሪን ላይ ግን ምንም አልመጣም። ነርሶቹ «ላብራቶሪ ዛሬ ወረፋ በዝቶበታል» ብለው ጠበቁ። ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ራሳቸውን ሳቱ። ዘጠኝ ቀን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው፣ እግዜር ይመስገን፣ ተረፉ። ልጆቻቸው ግን እሪ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሥራ አስኪያጁ አጣሪ ኮሚቴ ሰበሰቡ።

አምስት ሰው ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። ጭምቷ ጫፍ ላይ ነበረች።

«ልኬዋለሁ» አሉ ጋሽ መነጥር። «ስክሪኑ በአረንጓዴ ‹ተልኳል› ብሎኛል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በየትኛው ዓይን?» አለ አንዱ በቀልድ፣ መነጥሮቹን እያየ። ሁለት ሰዎች ሳቁ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጭምቷ ዞሩ። «እርስዎ ምን ይላሉ? ሲስተሙ ላይ ስህተት አለ?»

«ስህተት አልታየም» አለች።

ውሸት አልነበረም። ስህተት አልታየም፤ ያየ ሰው ስላልነበረ። ፕሮግራሙ የሠራውን የሚጽፍበት አንዲት ቦታ አልነበረውም፤ ቢወድቅም ባይወድቅም ዝም ነው። ይህን የምታውቀው በዚያ ክፍል ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች። «አልታየም አልኩ እንጂ የለም አላልኩም» የሚለውን ልትል ነበር። ሁሉም ያዩዋታል። ሥራ አስኪያጁ «አመሰግናለሁ» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ጋሽ መነጥር ከማሽኑ ተነስተው ናሙና መቀበያ መስኮት ላይ ተቀመጡ፤ ብልቃጥ ላይ ስም የሚለጠፍበት ቦታ፣ አዲስ ገቢዎች የሚጀምሩበት። በኮሪደሩ «ዕድሜ እኮ ነው፣ ምን ያድርጉ» ተባለላቸው። የሐዘኔታው አባባል ከስድቡ ይብስ ነበር።

በማግስቱ በሯ ቆርቆር አለ።

«አለሽ?»

ከፊታቸው ላይ ቂም ፈለገች፤ የለም። እንደ ወትሯቸው ነበሩ፤ ጋዋናቸውን በክንዳቸው ይዘው።

«አለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«በርቺ።»

በሩ ሲዘጋ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ኮዱን ከፈተች።

በኮዱ ውስጥ የሄዱት ሰዎች ድምፅ ተበታትኖ ቀርቷል። ፕሮግራመር ነገር ሲጠፋበት መሃል መሃል ላይ ‹ይህን ጻፍ› የሚል መስመር ይጥላል፤ ፕሮግራሙ የቱ ጋ እንደደረሰ ለማወቅ። አለቃዋ የጣላቸው እዚህም እዚያም አሉ፤ «እዚህ ደርሷል»፣ «እዚህም ደርሷል»፣ «እዚህ ደግሞ በማን ፈቃድ ደረሰ???»። ያገባችው ልጅ ደግሞ «ሰላም፣ እኔ ነኝ፣ ደክሞኛል» የሚል ጥላለች። ጭምቷ ብቻዋን ሳቀች፤ ሳቋን የሰማ ሰው አለመኖሩን ስታስታውስ አቆመች። እነዚህ መስመሮች ማንም በማያየው ጥቁር መስኮት ላይ ይወጣሉ፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ አብረው ይጠፋሉ። ለማንም አይጠቅሙም።

የሚያስፈልገው ደህና የሎግ ላይብረሪ ነበር፤ ፕሮግራሙ የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ፣ ከነቦታው፣ ከነክብደቱ ፋይል ላይ የሚያሰፍርለት። ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ ያስቀመጡት ሞልቷል። ሦስቱን አወዳድራ አንዱን መረጠች። መጫኑ አንድ ትእዛዝ ነው፤ ደቂቃም አልፈጀም። መከራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለፕሮግራሙ መቼ እንደሚናገር፣ ምን ያህል እንደሚናገር፣ ለማን እንደሚናገር ማስተማር።

አራት ደረጃ አወጣችለት፤ ስህተት፣ ማስጠንቀቂያ፣ መረጃ፣ ዝርዝር። ከላብራቶሪ የሚነሳ እያንዳንዱ ውጤት የራሱ መለያ ቁጥር እንዲይዝ አደረገች፤ ቁጥሩን ተከትላ ከ«ላክ» ቁልፍ እስከ በሽተኛው አልጋ ድረስ መንገዱን እንድታየው። ገጹ ላይ የሚፈጠር ስህተትም እዚያው የላብራቶሪው ኮምፒውተር ላይ እንዳይቀር፣ ተጠቅልሎ ወደ ሰርቨሩ የሚልከው ትንሽ ክፍል ጻፈች። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አላወቀም።

የመጀመሪያው ቀን ተሳሳተች። ምንም እንዳያመልጣት ብላ «ዝርዝሩን ሁሉ ጻፍ» አለችው፤ ፕሮግራሙም የስድስት ዓመት ዝምታውን ያካክስ ይመስል ለፈለፈ። በማግስቱ ረፋድ ላይ የሰርቨሩ ዲስክ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሲስተሙ ቀጥ አለ። ስልኩ ጮኸ።

«ምን ነካው ይሄ ነገር?» አለች የሕሙማን ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር። «ደሞ ምን ነካካሽው?»

«ሃያ ደቂቃ ስጪኝ ሲስተር።»

«በሽተኛ ሃያ ደቂቃ አያውቅም!»

ላብ በላብ ሆና ፋይሎቹን አጠፋች፤ ደረጃውን ቀነሰች፤ ፋይሉ በየቀኑ እየተዘጋ ሠላሳ ቀን የሞላው ራሱ እንዲሰረዝ አደረገች። ከመሰረዟ በፊት ግን የተጻፈውን ለማየት አንዱን ከፍታ ነበር፤ ቆሌዋ ተገፈፈ። የሰው ስም፣ የሰው ስልክ፣ የሰው ሕመም፣ ሁሉም በግልጽ ተዘርግፏል። ለእናቱ እንኳ ያልነገረውን ሰውዬ ሕመም እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታነበዋለች። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ ትታ ስምና ሕመም የሚጻፍበት ቦታ ሁሉ በኮከብ ምልክት እንዲሸፈን አደረገች።

ከዚያ ወደ ቅንፎቹ ሄደች። ጃቫስክሪፕት ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ፕሮግራሙ እንዳይወድቅ ስህተቱን የሚይዝ ቅንፍ አለ፤ ቅንፉ ውስጥ «ሲበላሽ እንዲህ አድርግ» ተብሎ ይጻፋል። ካልተጻፈ ስህተቱ እዚያው ተውጦ ይቀራል፤ ማንም አይሰማም። ባዶ ቅንፎችን ፈለገች። ሠላሳ ሰባት አገኘች። አሥራ አንዱ የራሷ ነበሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ «ይህን ስህተት መዝግብ» የሚል መስመር እየጻፈች አለፈች፤ ሠላሳ ሰባቱን ጨርሳ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ መጠበቅ ነው።

ጠዋት ጠዋት ሻይዋን ይዛ የትናንቱን ፋይል ታነባለች። በመስመሮቹ ውስጥ ሆስፒታሉ ሲነቃ ይታያታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ የምታረፍድ ነርስ አለች። ሰኞ በመጣ ቁጥር የይለፍ ቃሉን ረስቶ ሦስቴ የሚሞክር የዓይን ሐኪም አለ፤ በአራተኛው ይገባል፣ እሷም እፎይ ትላለች። ራጅ ክፍል ያለው ሰው ትእግስት የለውም፤ «ላክ»ን ዘጠኝ ጊዜ ይጫናል። ሰዎቹን በኮሪደር ብታገኛቸው አታውቃቸውም፤ እነሱም አያውቋትም። እሷ ግን የዓይን ሐኪሙ አንድ ሰኞ ሳይገባ ሲቀር አሞት ይሆን እያለች ዋለች። የምትጠይቀው ሰው አልነበረም። ማክሰኞ ገባ፤ በሁለተኛው ሙከራ።

ውጤት ግን አልጠፋም። አሥር ቀን፤ አሥራ አምስት ቀን። «እንግዲህ እውነትም ጋሽ መነጥር ይሆኑ?» የሚል ሐሳብ መጣባት። በሐሳቡ ውስጥ ትንሽ እፎይታ ነበረበት፤ እፎይታውን ራሷ ስታገኘው አፈረች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ስክሪኗ ላይ ቀይ መስመር ወጣ።

ስህተት። የላብራቶሪ ውጤት አልተመዘገበም። የተጻፈው «>600» ቁጥር አይደለም።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ገባት። የስኳር መለኪያው ማሽን ከስድስት መቶ በላይ መለካት አይችልም፤ ከዚያ ካለፈ ባለሙያው «ከስድስት መቶ የሚበልጥ» የሚለውን ምልክት ከፊት አስቀምጦ መጻፍ አለበት። ፕሮግራሙ ደግሞ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ምልክቱን ሲያይ ይሰናከላል፤ ቅንፉ ስህተቱን ይውጠዋል፤ ገጹ ግን መልሱን ሳይጠብቅ «ተልኳል» ብሎ አረንጓዴ ያበራል። እየጠፉ የነበሩት እንዲያው ያጋጠሙ ውጤቶች አልነበሩም። ማሽኑ ራሱ የማይደርስባቸው፣ የባሰባቸው ሰዎች ውጤቶች ነበሩ።

አሁን ይህ መስመር ሰው ነው። መለያ ቁጥሩን ተከትላ የአልጋ ቁጥር አገኘች፤ ስልኩን አነሳች።

«ሲስተር፣ ከኮምፒውተር ክፍል ነው። አልጋ አሥራ አራት ስኳሩ ከስድስት መቶ በላይ ነው። ውጤቱ አይደርስሽም፤ አትጠብቂው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ላብራቶሪ ልኮታል። የኔ ፕሮግራም ነው የዋጠው። እባክሽ ቶሎ በይ!»

እንዲህ ጮክ ብላ ስትናገር ራሷን ሰምታ አታውቅም። ስልኩ ሳይዘጋ ተጥሎ የሚሮጥ እግር ተሰማ። አልጋ አሥራ አራት ላይ የነበረው ሰው መምህር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ተቀመጠ አሉ።

ጭምቷ ደረጃውን ወጥታ ላብራቶሪ ሄደች። ጋሽ መነጥር ቦታ ላይ አንዲት ወጣት ባለሙያ ተቀምጣለች።

«ይቺን ምልክት ማን ነው ጻፊ ያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቷ ደነገጠች። «ጋሼ ናቸው። ሌሎቹ ዝም ብለው ስድስት መቶ ይጽፋሉ። እሳቸው ግን ‹ማሽኑ ያላየውን አይተናል አንበል› ይሉናል። አጠፋሁ?»

«አላጠፋሽም» አለች ጭምቷ።

ማሽኑ የራሱ ማኅደር ነበረው። ሁለቱ አብረው ከፈቱት። ወረቀት ከቀረ ወዲህ እንዲህ ያለ ምልክት የተጻፈባቸው ውጤቶች አሥራ አራት ነበሩ፤ አሥራ ሦስቱን የላኩት ጋሽ መነጥር። አሥራ አራቱም ሲስተሙ ውስጥ የሉም። የዚያች የሐሙሷ ሴትዮ ውጤትም እዚያው ነበር፤ ሰዓቱ አምስት ከሩብ።

ወደ ክፍሏ ወርዳ ቅንፉን ከፈተች። ከሠላሳ ሰባቱ የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ልብ ብላ አላየችውም ነበር። አሁን አየችው። ከስድስት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፤ ባዶው ቅንፍ አጠገብ አጭር ማስታወሻ አለ፤ «በኋላ ይስተካከላል»። ከሥሩ የጻፈው ሰው መለያ አለ። የአለቃዋ አልነበረም፤ ያገባችውም አይደለችም፤ በዚያው የቀረውም አይደለም። የራሷ ነው። የጻፈችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች፤ ምን አቻኩሏት እንደነበር፣ ማን ሲጠብቃት እንደነበር። ምንም ትዝ አላላትም።

ማስተካከሉ እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየም። ከምሳ በኋላ ደብዳቤ ጻፈች፤ አንድ ገጽ አልሞላም። አሥራ አራቱን ውጤቶች ዘረዘረች፤ ከታች «ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ለኮሚቴው ‹ስህተት አልታየም› ስል ሲስተሙ ስህተት የሚመዘግብበት መንገድ እንደሌለው አውቅ ነበር» ብላ ፈረመች።

ሥራ አስኪያጁ አነበቡት፤ ተነስተው በሩን ገርበብ አደረጉ።

«ተስተካክሏል አይደል?»

«ተስተካክሏል።»

«ታዲያ ይሄ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል? ሰውዬውን ቀስ ብለን ወደ ቦታቸው እንመልሳለን። ያቺን ዓረፍተ ነገር… ብታወጪያት ለራስሽም ይሻልሻል።»

«ሰው ፊት ነው ያፈሩት» አለች ጭምቷ። «ሰው ፊት ይታረም።»

ሥራ አስኪያጁ ተነፈሱ። ደብዳቤውን ግን አልመለሱትም።

ጋሽ መነጥርን ያገኘቻቸው ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ነው፣ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሲቀልል። በመስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ ብላ ቆመች።

«ናሙናሽን አምጪ» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

መነጥራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው አወረዱ። ሌላው እዚያ ስለነበረ ሁለቱ ተጋጩ። ነገረቻቸው፤ ቆማ፣ በዚያች ቀዳዳ፣ ከኋላዋ ሰው እየመጣ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምልክቷን፣ ቅንፉን፣ ኮሚቴው ፊት ያልተናገረችውን። ሲሰሙ እጃቸው መለጠፉን አልተወም ነበር፤ መጨረሻ ላይ ተወ።

«ያን ቀን ቤቴ ገባሁ» አሉ። «ባለቤቴ ‹ግን እውነት ልከኸዋል?› አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት። ክፋት የላትም፤ እንዲያው ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ እኔም እርግጠኛ መሆን አቃተኝ። እጄን አየዋለሁ፣ ‹አንተ እጅ፣ ተጭነሃል ወይስ አልተጫንክም?› እላለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ከእጄ ጋር ስጣላ ነው የከረምኩት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

ከኋላዋ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነገሩ ቀላል አይደለም» አሉ ጋሽ መነጥር። «አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸቴን ነው። ግን መጥተሽ ነገርሽኝ። በይ እለፊ፣ ሰው ይጠብቃል።»

ቅዳሜ እህቷ ደወለች። ሳህን ወደቀ፤ ልጅ ጮኸ። «እንዴት ነሽ?»

«ደህና አይደለሁም» አለች ጭምቷ።

በወዲያኛው ጫፍ በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ጩኸቱ ራቀ። እህትየው መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን በልጆቿ ላይ ቆልፋ ነበር። ሆድ ለሆድ አወሩ፤ አንድ ሰዓት ተኩል። ጭምቷ የቅንፉን ነገር ስታስረዳት እህትየው አልገባትም፤ የጋሽ መነጥርን እጅ ነገር ስትነግራት ግን ገባት፤ አለቀሰችም። መጨረሻ ላይ፣ «ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽኝ? ደህና ነኝ ስትዪኝ እኮ አምኜሽ ነው ስልክ የምዘጋው» አለቻት። በልጆቿ በር መደብደብ የተነሳ ሌላ ነገር ማለት አልተቻለም።

ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበ፤ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ሰዎች። ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ተነበበ። በመነጥሩ የቀለደው ሰውዬ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ቆየ። ጋሽ መነጥር ወደ ማሽናቸው ተመለሱ። ለሴትዮዋ ልጆች እውነቱ በደብዳቤ ተገለጠላቸው። ለጭምቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ የክፍል ኃላፊነቱ ነገርም፣ ሊሰጣት ይታሰብ እንደነበር ያወቀችው እንደማይሰጣት በተነገራት ቀን ነው።

ጋሽ መነጥር ሁለት ሳምንት ያህል ወደ ምድር ቤት አልወረዱም። ጋዋናቸውን ያቺ ወጣት ባለሙያ ነበር የምታመጣላቸው። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«አንድ ልኬያለሁ፤ ‹የሚበልጥ› የሚል ምልክት ያለበት። ደረሰ?»

ፋይሉን ከፈተች። «አራት ሰከንድ ሆኖታል። ሁለተኛ ፎቅ ተቀብለውታል፤ ሲስተር ከፍታዋለች።»

«ከፍታዋለች? እሱንም ይጽፋል?»

«ይጽፋል።»

«ግሩም ነው» አሉ፤ ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ውጤት በላኩ ቁጥር ይደውሉ ነበር። ስክሪኑ «ተልኳል» ሲላቸው አላምን አሉ፤ እሷ ስትላቸው አመኑ። ስለ ሌላ ነገር ብዙም አያወሩም። አንድ ቀን ብቻ፣ ከዘጉ በኋላ መልሰው ደውለው፣ «ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ» አሏት። «ምን አሉ?» ብትላቸው፣ «‹እንደላክኸው አውቅ ነበር› አለችኝ፣ አይ ሴት!» ብለው ሳቁ።

ጋሽ መነጥር ከዚያ በስምንተኛው ወር ጡረታ ወጡ። ላብራቶሪው ውስጥ ለስላሳ ተከፈተ፤ ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረጉ፤ የቅንፉን ነገር አላነሱም። ጭምቷ በር አጠገብ ቆማ ጠርሙሷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ጋሽ መነጥር ሁሉንም ጨብጠው ሲጨርሱ ወደ እሷ መጡ፤ እጇን ይዘው ቆዩ።

«አሁን ይቅር ብዬሻለሁ» አሏት ዝግ ብለው፣ ሰው ሳይሰማ። «በዚያ ቀን ጠይቀሽኝ ስለነበር ነው የምነግርሽ።»

ምላሽ ሳትሰጣቸው ሌሎች ከበቧቸው።

ያቺ ወጣት ባለሙያ አሁን አትደውልም፤ ስክሪኑን ታምነዋለች፤ ማመኗም ትክክል ነው። ኮሪደሩ ከማጠቢያዎቹ ድምፅ በቀር ጸጥ ብሏል። ጭምቷ ረዳት ሰው እንዲቀጠርላት ለሦስተኛ ጊዜ ደብዳቤ አስገብታለች፤ የጸሐፊዋ መልስ «እየታየ ነው» የሚል ነው። እህቷ በረቡዕም መደወል ጀምራለች።

የመድኃኒት ማከማቻው ፕሮግራም ገና ስለ ራሱ አንዲት መስመር አይጽፍም ነበር። ሰኞ ጠዋት ሻይዋን አስቀመጠች፤ ወንበሯን ሳበች፤ ያንን ጀመረች።